ለፓምፑ የተቆረጠው ብራና

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ላሠራው አዲስ ቤት፣ ለምድር ቤቱ፣ የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ አስገጠመ። ገጣሚው ወጣት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ አንዲት ጥቁር የጎማ ቀለበት ወለሉ ላይ ተረፈች፤ "መለዋወጫ ናት እማማ፣ ካልፈለጓት ይጣሏት" ብሎኝ ሄደ። አልጣልኳትም። በጣቴ ሳሻት ሳሻት ቆየሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህችን የምታህል ጎማ ጎንደር ውስጥ ተገኝታ ቢሆን ኖሮ አባቴ መጽሐፉን ይጨርስ ነበር።

ቤታችን ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ ጣሊያን ሠርቶ ሳይጠግበው ጥሎት የሄደ የድንጋይ ቤት፣ ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች ደግሞ ስድስት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት። ጣሊያኑ ወይን ጠጁን ያስቀምጥበት እንደነበር ጎረቤት ያወራል። አባቴ ግን ቁም ጸሐፊ ነበርና ብራናውን፣ የመቃ ብዕሩንና የቀለም ቀንዱን ይዞ ወረደበት። ላይ ቤት የምድጃው ጭስ አለ፣ እኛ አምስቱ ልጆች አለን፣ የምንደፋውና የምንሰብረው አይታወቅም፤ ታች ግን የሚዘጋ በር፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለች መስኮትና ጸጥታ ነበረው።

የሚጽፈው ለደብራችን ድጓ ነበር። ድጓ ዓመቱን ሙሉ የሚዜም መጽሐፍ ነው፤ ከመስከረም ዮሐንስ ይነሳና በዓሉን ሁሉ እየተከተለ ሄዶ፣ ክረምቱን ዘምሮ፣ ጳጉሜ ላይ ያርፋል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮት እኔ ፊደል ስቆጥር ትንሣኤ ላይ ደርሶ ነበር። ማኅደሩን፣ ማለት መጽሐፉ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት፣ በሙሉ ልኩ አስቀድሞ አሰፍቶ ከመቀመጫው በላይ ከችንካር ላይ ሰቅሎታል። እናቴ ለጽዳት በወረደች ቁጥር ያንን ባዶ ሆድ እያየች "ልጁ ሳይወለድ አንቀልባ ይሰፋል እንዴ?" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ምድር ቤቱ የእኛ መሆኑ ይቀራል። ውሃው ከግድግዳው ሥር እየመነጨ መጀመሪያ ወለሉን ያረጥበዋል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። አንድ ጊዜ እንቁራሪት ከቀለም ቀንዱ አጠገብ ተቀምጣ ሲጽፍ ብታየው "ይቺ ደግሞ ደቀ መዝሙሬ ናት" ብሎ እንዳትነካ አዘዘን። በየዓመቱ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ሦስት ወር ብዕር ሳይነካ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ግን እንደዚያ ሊቀመጥ አልቻለም። ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፦ "ዓይኔ እየሄደ ነው። ይህ ክረምት ካመለጠኝ አልጨርሰውም።"

ሰኔ ላይ አያ ደስታን አመጣው። አያ ደስታ መካኒክነት ከጣሊያን ጋራዥ የተማረ፣ በጭነት ማኪና ወደ አዲ አርቃይ የሚመላለስ፣ ሲስቅ ከትከሻው የሚጀምር ሰው ነበር። ከየት እንዳገኘው አይታወቅም፣ በእጅ የሚሠራ አሮጌ ፓምፕ ተሸክሞ መጣ። ዝቅ ካለው ጥግ ሲሚንቶውን ሰብሮ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃው እንዲጠራቀምበት ወገቡን የበሳሳውን በርሜል ከተተበት፤ ዙሪያውን ጠጠር ሞላ፤ ቱቦውን በመስኮቷ አውጥቶ ወደ ቁልቁለቱ ለቀቀው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ከብረቱ ሆድ ውስጥ ያለች መዳፍ የምታህል ክብ ቆዳ ነበረች፤ እሷ ብረቱን አጥብቃ ይዛ ካልወጣችና ካልወረደች ውሃው አይሳብም። "ይቺ አርጅታለች የኔታ፤ ስመለስ ሸጋ ቆዳ አመጣልዎታለሁ" አለው። ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ ጣቱን ቀስሮ "ውሃው ሲያልቅ አቁሙ! ደረቁን ከመታችሁት ቆዳውን ትበሉታላችሁ" ብሎን ሄደ። ዝናቡ የሊማሊሞን መንገድ ቆረጠውና ማኪናው ወዲያ ማዶ ቀረ።

አሮጌዋ ቆዳ ሐምሌ ሳይጋመስ ተቀደደች። እናቴ "ምነው ያንን ሰው ቢጠብቁት? ወይ ቆዳ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ?" አለችው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ስፍቅ ኖሬ ስለ ቆዳ ማንን ልጠይቅ?" አለ አባቴ።

ለክረምቱ ክፍል ካዘጋጃቸው፣ ተፍቀውና ተሰምረው ብዕር ብቻ ከሚጠብቁት ብራናዎች አንዱን አነሳ። ክብ ክብ አድርጎ ቆረጠው፤ ቀጭን ነውና አራቱን ደራርቦ መጽሐፍ በሚሰፋበት ጅማት ሰፋው። ከብራና የሚበልጥ ቆዳ በዓለም ያለ አይመስለውም ነበር፤ በዚያን ቀንም እውነቱን መሰለው። ብራናው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘና ውሃው በመስኮቷ ተወርውሮ ወጣ። አባቴ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ እናቴን "ነይ እይ!" አላት።

በሦስተኛው ቀን እጀታው ባዶውን ወረደ። አባቴ ሲፈታው ብራናው ልሃጭ ሆኗል፣ መስመሩ እንኳ እንደተሰመረ ነበር። ስስ ሆኖ ነው ብሎ አምስት ደረበ። የበግ ቢሆን ነው ብሎ የፍየል መረጠ። ሁለት ቀን ይጽፋል፣ በሦስተኛው ይቆርጣል። እጀታውን የምንነቀንቀው ግን እኛ ነበርን፣ ለእኛ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተራ ይጠብቃል። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ ፓምፑ እንደ ጥጃ ይጮኻል። እኔ ያንን ጩኸት ስለምወደው፣ አባቴ ለማኅሌት ሲወጣ ጠብቄ ደረቁን እመታው ነበር።

አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም። ቆዳው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አልጠየቀኝም። ሌላ ብራና ያነሳል።

ብራና ደግሞ ተወጥሮ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፣ በክረምት አይሠራም። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አባቴ እጁን ብራናው ወደሚቀመጥበት ሙዳይ ሰደደና ባዶውን ዳሰሰ። ወለሉ ደረቅ ነበር፣ ብዕሩ ተቀርጿል፣ ቀለሙ ተበጥብጧል። የሚጻፍበት ግን አልነበረም። ለማዕድ ልጠራው ስወርድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት።

አያ ደስታ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ፓምፑን ፈትቶ ያንን ልሃጭ አሸተተና ሊስቅ ትከሻውን አነሳ። "የኔታ! ያልለፋ ቆዳ እኮ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል! የለፋ ነው እንጂ የሚችለው። ምነው…" ሲል ዓይኑ ከችንካሩ ላይ ወደተሰቀለው ማኅደር ሄደ። "ከዚያ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቢቆርጡ ኖሮ ሦስት ክረምት ትችል ነበር።"

አባቴ ቀና ብሎ ማኅደሩን ብዙ አየው።

"ይኸማ የመጽሐፉ ነው" አለ።

አያ ደስታ ሳይስቅ ቀረ።

ጥቅምት ላይ አባቴ አዲስ ቆዳ ነከረ፣ ወጠረ፣ ፋቀ። ዓይኑ ግን መስመሩን ማግኘት ተሳነው፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይወጣጡ ጀመር። ጥር ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ብዕሩን እንዳጥብለት ሰጠኝ፣ መልሶም አልጠየቀኝ። መጽሐፉ እስከ ደረሰበት ተጠረዘ። ክረምት ሲገባ ካህናቱ ያስቀምጡትና ከጎረቤት ደብር ይዋሳሉ። አባቴ በሕይወት ሳለ ግን መዋስም አላስፈለጋቸውም፤ ታውሮ በመቋሚያው ተደግፎ ክረምቱን ሁሉ በቃሉ ይዘልቀው ነበር።

አሁን እሱም የለም፣ ያ ቤትም ፈርሷል። የልጅ ልጄ ፓምፕ ውሃ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ራሱ ይነሳል፣ ሲያልቅ ራሱ ያቆማል፤ ደረቁን ልምታ ቢሉት እንኳ እሺ አይልም። ምድር ቤቱ ደረቅ ነው፣ ባዶ ካርቶን ይቀመጥበታል።

ትናንት ወደ ደብሩ ሄድኩ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ መጽሐፉን ከነማኅደሩ አውጥቶ አሳቀፈኝ። ማኅደሩ ሰፊ ነው፤ ዘንበል ባልኩ ቁጥር መጽሐፉ ውስጡ ይንሸራተታል። አባቴ የሞተው ደረቁን እመታ የነበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳልነግረው ነው። በአባቴ መጽሐፍ ዓመቱ ሰኔ ላይ ያልቃል።