ቁርጥ አባቱን

ታናሽ ወንድሜ «ቁርጥ አባቱን» እየተባለ ነው ያደገው። እኔ ደግሞ «እሱማ እናቱን ነው»። እናቴ መልከ መልካም ነበረች፤ ግን አባቴን መምሰል ነበር ያማረኝ። ስጎለምስ ይተወኛል ያልኩት ቅናት፣ ፀጉሬ ሲሸብት እሱ አልሸበተም።

አባታችን እንጦጦ ላይ ለምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል አሠርቶ ነበር። እንደ ወጉ፣ ያሠራው ሰው ከግርጌ ተደፍቶ እጁን ዘርግቶ ይሳላል። አባቴ ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም፤ መልኩ የቀረልን እዚያ ብቻ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ ኮምፒውተር ቤት በየመንገዱ በተከፈተበት ዘመን ጣሪያው አፈሰሰና የአባቴን ፊትና እጅ አጥቦ ወሰደው።

የደብሩ ሽማግሌዎች መገናኛ ፎቶ ቤት ያላት አንዲት ሴት አስመጡ። ሥዕሉን በካሜራ አንስታ፣ የጠፋውን በኮምፒውተር ሞልታ፣ በትልቁ አትማ የደብሩ አዳራሽ ውስጥ ልትሰቅል።

«አባባ፣ አባትዎን የሚመስል ሰው አለ?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ሁሉም ወደ ወንድሜ ጠቆሙ።

«እኔንም አንሺኝ» አልኩ።

ወንድሜ ሳቀ። «ጋሼ፣ እማዬን ልታስላት ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ግን ደግ ናት፤ በየተራ ጋቢ ላይ አስደፍታ አነሳችን። እሱ እንደ ወጣት ድፍት አለ። እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ፣ ደግፈው አወረዱኝ፣ ደግፈው አነሱኝ።

ሲያልቅ ሱቋ ድረስ ጠራችን። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የወንድሜ ፊት ነው፤ የሥዕል ቀለም አልብሳዋለች። እሱ «አባዬ!» ብሎ አለቀሰ። እኔም ባለቅስ ደስ ባለኝ። ዓይኔ ግን አባቴን ትቶ ወንድሜን ያያል።

ሴትዮዋ ፊቴን አይታ፣ «እጁ ግን የእርስዎ ነው አባባ» አለችኝ። «ከአሮጌው ሥዕል አንድ አውራ ጣት ተርፋ ነበር። ሰፊ ናት፤ ከእርስዎ ጋር ገጠመች።»

ዕድሜዬን ሙሉ ቀበና ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩበትን እጄን ገልብጬ አየሁት።

ዛሬም በዓል ሲሆን አዳራሹ እንገባለን። ሰው ሥዕሉን ያያል፣ ወደ ወንድሜ ይዞራል፣ «ወይ ጉድ፣ ቁርጥ አባቱን!» ይላል። እኔም እጄን ከጋቢዬ አውጥቼ አጠገቡ እቆማለሁ። እስካሁን ዝቅ ብሎ ያየ የለም።