ሃምሳ ሁለት ገጽ

ሃሩን ወንበር አይወድም። መካነ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግን ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሲቀመጥ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ገመድ ይነካካል፣ መስኮት ላይ ቆሞ ይመለሳል። በየዓመቱ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ይላል። በየዓመቱም የሆነ ነገር ይበላሻል።

በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን መሄጃው ቀረበ። ደሴ ለወጣ የሥራ መደብ ተጠራ፤ ፈተናው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በኃላፊ የተፈረመ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያልያዘ አይፈተንም። የመጨረሻው ሚኒባስ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል።

አምስት ሰዓት ላይ፣ ደብዳቤው ገና ሳይታተም፣ ፕሪንተሩ ቆመ።

የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ የሚወጣው ከዚህ አንድ ፕሪንተር ነው። የሚታተመው ነገር መጀመሪያ መዝገብ ቤት ጥግ ወዳለው አሮጌ ሰርቨር ሄዶ ተራውን ይጠብቃል። ሃሩን ወረፋውን ከፈተ። ከፊት የኃላፊው የአቶ ቸኮል ሪፖርት አለ፣ ሃምሳ ሁለት ገጽ። ከኋላው ያው ሪፖርት ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰልፏል።

«ሐረግ፣ ስንት ጊዜ ነው የተጫንሽው?»

«እስኪሰማኝ ድረስ» አለች ጸሐፊዋ። «አንተስ በር አንኳኩተህ ካልከፈቱልህ አንዴ ብቻ ነው የምታንኳኳው?»

ችግሩ ገባው። ሪፖርቱ የተሠራው አንድ ድርጅት በላከው ቅጽ ላይ ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ከኤፎር አጠር፣ ሰፋ ያለ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሃሩን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፕሪንተሩ እሱን ይጠብቃል፤ ሐረግ ኤፎር ትጨምርለታለች።

አንዱን ለይቶ ሊሰርዝ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ፈጣኑ መድኃኒት አንድ ነው፦ ሰርቨሩ ላይ የማተሚያ ፕሮግራሙን አቁሞ የተጠራቀመውን ሁሉ ማጥፋት። እጁን ሰደደና ገታው።

«ሪፖርቱ ኮምፒውተርሽ ላይ አለ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ክፈችው እስቲ።»

ስትከፍተው የወጣው የሃሩን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ሐረግ ያላት ፋይል አንድ ብቻ ነው፤ የቀደመውን አጥፍታ አዲሱን እዚያው ላይ ትጽፋለች። በጽሕፈት መኪና ያደገች ናት፤ ለእሷ «አትም» ካሉት ሥራው አለቀ። ሪፖርቱ አሁን ያለው ወረፋው ውስጥ ብቻ ነው።

ፊቷ አመድ መሰለ። «የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፣ ሃሩኔ።»

አቶ ቸኮል በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ነገ ከዞን ለሚመጡት ምን ላሳይ ነው? ማን ቀድሞኝ ነው?»

«ማንም አልቀደመዎትም ጋሼ። ከኋላዎ ግን ሠላሳ አንድ እርስዎ አሉ።»

አልሳቁም። «ሪፖርቱ ሳይወጣ ምንም አልፈርም» ብለው ሄዱ።

ሃሩን ሰዓቱን አየ። ሁሉን ደምስሶ «መብራት አጠፋው» ቢል ያምኑታል፤ ይፈርሙለታልም። እሱ ነገ ደሴ ነው። ተጠያቂዋ ሐረግ ናት።

ፕሪንተሩ ላይ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ማሽኑ የጠየቀውን ወረቀት ይተውና ባለው ኤፎር አንድ ገጽ ያወጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይቆማል። ሃሩን ተጫነ። አንድ ገጽ። ደቂቃ ተኩል ጠብቆ ተጫነ። ሁለተኛ ገጽ።

«እኔ ልጫን፣ አንተ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም!»

ሠላሳኛው ላይ ከመናኸሪያው «ደሴ! ደሴ!» የሚል የረዳት ድምፅ መጣ። አርባኛው ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ሃሩን ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው እያዞረ ተጫነ።

ሃምሳ ሁለተኛው ሲወጣ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነበር። የቀረውን ወረፋ ደመሰሰና ሰርቨሩን አስነሳ፤ አሮጌ ነውና ቀስ ብሎ ተነሳ። ደብዳቤው የወጣው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አቶ ቸኮል ሪፖርቱን በብብታቸው ይዘው ቆመው ፈረሙ።

«ስትመለስ ይሄን ማሽን እየው» አሉት።

ሐረግ ማኅተሙን መታችበት። «አብሽር፣ የጭነት መኪና አይጠፋም» አለች፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።

ሚኒባሱ ሄዷል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ አለ፤ ሾፌሩ ምሳ ላይ ነው፣ ማታ ይነሳ ይሆናል አሉት። ሃሩን መጠበቅ አልቻለም። ደብዳቤውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን የአቀስታን መንገድ በእግሩ ያዘ፤ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ዞር እያለ።