ብርቄ እና ትንፋሽ መቁጠር

ከትምህርት ቤት ያስወጣችኝ ብርቄ ናት፤ የአባቴ እህት ልጅ። አሰላ ነበርን፣ ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል፣ የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ይህን ነገር በጽሑፍ አስፍሬው አላውቅም። በቃልም ቢሆን ከእናቴ ሌላ የሰማኝ የለም፣ እሷም አርፋለች። የምጽፈው የእኔ ዘመን ልጆች ለሆናችሁ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጡ መምህራን ላስተማሯችሁ፣ ሚኒስትሪ ማለፍና መውደቅ ምን ማለት እንደነበረ ለምታውቁ።

ብርቄ እናቷ ስለሞተችባት እኛ ቤት ነው ያደገችው። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ የሚወርደው ጭጋግ መንገዱን ስለሚሸፍነው እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄዳለን፤ ኪሳችን ውስጥ ገና ያልበረደ የገብስ ቆሎ አለ፣ ጣታችንን የምናሞቀው በእሱ ነው። ቅልሞሽ ስንጫወት ደህና ደህናውን ጠጠር የምትመርጠው እሷ ነበረች፣ እኔም እተውላታለሁ። በትምህርት ግን እበልጣት ነበር። ለመመካት አይደለም የምለው፤ ካርዳችን ላይ የተጻፈ ነው።

የእኔ ችግር ፈተና ነበር። ወረቀቱ ሲታደል ደረቴ ይጠብባል፣ መዳፌ ይረጥባል፣ እርሳሱ ከጣቴ ይሾልካል። ሰባተኛ ክፍል የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ዴስኩ ላይ ድፍት አልኩና ተሸክመው አወጡኝ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጎረቤታችን ቡዳ ነው አለች። አባቴ ስንፍና ነው አለ። እዚህ አትላንታ የምሠራበት የአዛውንቶች ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለዚህ ነገር ስም አላቸው፣ ኪኒንም አላቸው። ያኔ ስም ስላልነበረው ሁሉም እንደ መሰለው ይጠራው ነበር።

ሒሳብ የሚያስተምረን ሚስተር ዳያ ህንድ አጠገብ ካለችው ደሴት ከሲሎን የመጣ ሰው ነበር። እኛ ሁሉንም ህንድ ነበር የምንላቸው። «ህንድ አይደለሁም» ይለናል፤ «የስ ሰር» እንለዋለን፤ ከክፍል ስንወጣ «ህንዱ» እንለዋለን። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩን ዘይት ይቀባል፣ ኮቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ካስተማሩኝ ሁሉ አርጩሜ ሲይዝ ያላየሁት እሱን ብቻ ነው።

ፈተና ላይ ራሴን ስቼ መውደቄን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ስምንተኛ ክፍል እንደገባሁ እኔንና እንደኔ የሚፈሩ ሌሎች ሦስት ልጆችን ከትምህርት በኋላ ያስቀረን ጀመር። ብርቄ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ስለምትሄድ፣ ውጭው ሲበርዳት ገብታ ከኋላ ትቀመጣለች። ለሴቱም ለወንዱም የሚናገረው አንድ ዓይነት አማርኛ ነበር፤ እኔን ሴቷንም «አንተ» ይለኛል። «ዓይን ዝጋ። ትንፋሽ ቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አስር። ጠፋ? ችግር የለም። ከአንድ ጀምር።»

ምን እንደምንሠራ አልገባኝም ነበር። መጀመሪያ ቅጣት መሰለኝ። ቀጥሎ የስምንተኛ ክፍል ተማሪን እስከ አስር የሚያስቆጥር የሒሳብ አስተማሪ ምን ዓይነት ነው ብዬ አፈርኩ። ደግሞም አራትን ማለፍ አቃተኝ፤ አራት ላይ ስደርስ ጫማዬን አስባለሁ፣ ምሳን አስባለሁ፣ አባቴን አስባለሁ። አንድ ቀን ዝናብ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ ድምፁን ያን ቀን ገና የሰማሁት ይመስል ሰማሁት፤ ደረቴ ተከፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና እርሳሱ እጄ ላይ ቆየ። አንደኛ ወጣሁ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እኔና ብርቄ የክፍሉን ደብተሮች ተሸክመን ቤቱ አደረስንለት። ሚስቱ በወተት የተፈላ ሻይ ሰጠችን። መደርደሪያው ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ ዓይኑን ወደ ታች ያደረገ ትንሽ የነሐስ ሰው ነበር፣ ከፊቱ አበባ ተቀምጦለታል። ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«አስተማሪ ነው» አለኝ። «የእኔ አገር ሰው ይወደዋል።»

ብርቄ ክርኔን ጎሸመችኝ። እኔ ግን መጠየቅ እወድ ስለነበር ቀጠልኩ፦ የምታስቆጥረን የእሱን ነው?

«ከእሱ ተማርኩ» አለ። «አንተ ማርያም ጸልይ፣ ሁልጊዜ እንደምትጸልይ። ይሄ ለፈተና ነው።»

እራት ላይ ብርቄ ለአባቴ ነገረችው። ቃሏን እንዳለ አስታውሰዋለሁ። «ጋሼ፣ ህንዱ ቤቱ ጣዖት አለው፣ አበባ ይሰጠዋል። ጥሩነሽን ዓይኗን የሚያስጨፍናት የእሱን ነው። ራሱ ነው የነገራት።» ሁሉም እውነት ነበር። ማርያም ጸልይ ማለቱን ግን አልተናገረችም፣ ለፈተና ነው ማለቱንም አልተናገረችም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ «አንቺ ዝም በይ» አለ። በማግስቱ ኢተያ አጎቴ ጋ ላከኝ፣ እዚያ ጠበል እንድጠመቅ። ሰባት ቀን የተባለው ሁለት ወር ሆነ። ፈተናው አለፈ። በዓመቱ ልመለስ ስል ትልቅ ልጅ ሆነሻል ተባልኩ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴም ዳሩኝ። ብርቄ ተፈተነች፣ አለፈች፣ አስተማሪ ሆነች፣ በኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ሚስተር ዳያ ኮንትራቱን ጨርሶ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። እናቴ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያለች የምትተርትብኝ እንዳልረሳሁ ስለምታውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት አለ፣ የማንም ጉዳይ ስላልሆነ እዘለዋለሁ። እኔም እሷም በየፊናችን ጌታን ተቀበልን። እኔ አትላንታ መጥቼ የሰው አገር አዛውንቶች ሳገላብጥና ሳጥብ እንግሊዝኛውን ለመድኩ። ብርቄ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇ ሜሮን አትላንታ ዳር ወዳለው ሎረንስቪል አመጣቻት። ያው አንድ ቤተ ክርስቲያን ሆንን። ገና ዓመት ሳይሞላት የእህቶች ጸሎት መሪ አደረጓት። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ሰዉ ሲናገር ግን አይገባትም።

በፈረንጆቹ 2016 ጸደይ ላይ ሜሮን ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ ማሚ ለሦስተኛ ጊዜ ኢመርጀንሲ ገብታ ወጣች። ደረቴን ጨነቀኝ ትላለች፣ ልቧ ግን ፋይን ነው አሉ። ላይክ፣ ፓኒክ ነው። እንቅልፍ የላትም። ዶክተሩ ደንዉዲ የሚሰጥ የስምንት ሳምንት ክላስ ሪፈር አደረጋት። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፣ እኔ ኦፍ መውሰድ አልችልም። ራይድ ሰጥተሻት እዛው ብታስተረጉሚላት?»

«የምን ክላስ ነው?»

«ማይንድፉልነስ። እኛም ኮሌጅ እያለን ለፈተና ይሰጡን ነበር። በቃ ቁጭ ብለሽ መተንፈስ ነው።»

እሺ ያልኩበትን ምክንያት ዛሬም አላውቀውም። ከምኖርበት ከማሪዬታ ተነስቼ ሎረንስቪል ድረስ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ደንዉዲ፤ ጠዋቱ በሙሉ መኪና ውስጥ ያልቃል። በመጀመሪያው ቀን ብርቄ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ነው መኪናው ውስጥ የገባችው። ጠቁራለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ የእኔ እጅ ነበር።

የክላሱ አስተማሪ ሊንዳ የምትባል ሸበቶ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። አሥራ አንድ ሰው በክብ ተቀምጠናል፣ የካንሰር ሕመምተኛ አለ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወጣት አለ፣ አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ አለች። ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ሊንዳ ዓይናችሁን ጨፍኑ አለች። ትንፋሻችሁን እስከ አስር ቁጠሩ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ምንም አይደለም፣ ከአንድ ጀምሩ። እሷ ሳትጨርስ አማርኛው ከአፌ ወጣ። ብርቄ እሺ ብላ ጨፈነች። የአሰላው ክፍላችን የቆርቆሮ ዝናብ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ቅርንፉዱም ሸተተኝ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እኔ ብቻ አፍጥጬ ብርቄን አያለሁ። አንድ ነገር ፊቷ ላይ እስኪታይ ጠበቅሁ። ምንም አልታየም።

በሦስተኛው ሳምንት መኪና ውስጥ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ሙሉ ሌሊት ተኛሁ። ጌታ ይመስገን። አሁን ይሄን ነገር በልጅነታችን ቢያስተምሩን ምን ነበረበት?»

ከሀይዌዩ የምወጣበትን መውጫ አለፍኩት። ቀጣዩ መውጫ ድረስ ሄጄ ነው የዞርኩት። ረስታ ነው? እየፈተነችኝ ነው? የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረች ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትረሳለች? ደግሞ ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

አራተኛው ማክሰኞ ክላሱ ሲያልቅ ብርቄ ክንዴን ያዘችኝ። «ጠይቂልኝማ። ይሄን ያመጣው ማን ነው? የጸሎት ኅብረቱ እህቶች ግማሹ እንቅልፍ የለውም፣ ላስተምራቸው ፈልጌ ነው።»

ጠየቅሁላት። ሊንዳ ደስ ብሏት መለሰች። ይህን የተማርነው ከቡድሃ መነኮሳት ነው አለች። ቀጥላም፣ ሐኪሞችና አስተማሪዎች ከሃይማኖቱ ለይተው ለሕመምተኛና ለተማሪ እንዲሆን አድርገው አዘጋጁት፣ እዚህ የሚመጣ ሁሉ የራሱን እምነት ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ እንዲያውም ቄስ አስተምሬ አውቃለሁ አለች።

ብርቄ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

«የቡድሃ ነው። ከቡድሃ መነኮሳት የመጣ ነው» አልኳት።

«ሌላስ? ብዙ ተናግራለችኮ።»

«ዋናው እሱ ነው።»

እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ሊንዳ ፈገግ ብላ «ኦኬ?» አለች፣ እኔ «ኦኬ» አልኳት። ሀይዌይ 85 ላይ ስንገባ ብርቄ ወደ መስኮቱ ዞራ ተናገረች።

«አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚስተር ዳያ።»

«ሚስተር ዳያ ደግሞ ማነው?» አለች፣ ብዙ ከሄድን በኋላ ድምፅዋ ቀንሶ «ያ ህንዱ?» አለች።

«ህንድ አልነበረም።»

«ልጅ ነበርንኮ ጥሩዬ። እኔ ያየሁትን የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«እኔም የሰማሁትን ነው የተረጎምኩት።»

በሯ ላይ አወረድኳት። መጽሐፍ ቅዱሷን አቅፋ ወደ ኋላ ሳትዞር ገባች።

እንግዲህ ያኔንና ዛሬን ሳስተያይ ሊገባኝ የሚገባውን ያህል አይገባኝም። ያኔ አንድ አስተማሪ ከትምህርት በኋላ አስቀርቶ በተሰባበረ አማርኛ የሚሰጠን ነገር ከትምህርት አስወጣኝ፤ ዛሬ ያው ነገር በሐኪም ወረቀት ታዝዞ ይሰጣል፣ የሜሮን ዘመን ልጆች ኮሌጅ ውስጥ ይማሩታል፣ ማንም ጠበል አይልካቸውም። ያኔ ጋቢውን ለብሶ «አንቺ ዝም በይ» የሚል አባት ነበረኝ፣ ዛሬ ዝም ያሰኘኝ ሰው የለም። ታዲያ ሊንዳ የተናገረችውን ግማሹን የት አደረስኩት? ብርቄ ግማሽ እውነት ብትናገር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ጠዋት በጭጋግ ውስጥ ስንሄድ እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ ያ እጅም አሁን የሚንቀጠቀጠውም የአንድ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አንድ ላይ ላስባቸው ስሞክር ይጠፉብኛል።

በማግስቱ ሜሮን ደወለች። «አክስቴ፣ ማሚ ክላሱን ኩዊት አደረገች። ላይክ፣ ምክንያቱን አትነግረኝም። እንደገና አልተኛችም። ምን ተባለች?»

«እሷን ጠይቂያት» አልኩ።

ብርቄን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰላም እላታለሁ፣ እሷም ሰላም ትለኛለች። የቀሩትን አራት ማክሰኞዎች ብቻዬን ሄድኩ። ክላሱን ጨረስኩ።