የጋሽ ሚሊሜትር ጋራዥ መብራት

ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ሚሊሜትር የምንለው አናጢ አለ። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ፣ አንድ መሳቢያ በሚሊሜትር ከሳተ አፍርሶ ካልሠራው እህል አይበላም ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ በተሰጠው ካሳ አሮጌ የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛና ግቢው ውስጥ ያለችውን ጋራዥ ሥራ ቤት አደረጋት። ጋራዧ ለመኪና ተብላ የተሠራች ናት፤ ከአሸዋ ጋሪ በስተቀር ጎማ ያለው ነገር ግን ገብቶባት አያውቅም። መስኮት የላትም። መሀል ጣሪያዋ ላይ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላለች፤ ሥራው ላይ ጎንበስ ሲል የገዛ ጥላው እንጨቱ ላይ ያርፋል።

እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ከፈረሱ ሱቆችና ቢሮዎች የወለቁ መብራቶችን እየጠገንኩ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከቤቱ ፊት ለፊት አለችኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ እኔም አለሁበት።

አንድ ቀን ጠዋት መጣና፣ "ይቺ ጋራዥ ጨለመችብኝ። ትናንት የቁም ሳጥን በር አበላሸሁ። ራሴ ያሰመርኩትን መስመር ማየት አቃተኝ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ችግሩ የአምፖሉ ቦታ ነው። ከኋላህ ያበራል፤ አንተ ትጋርደዋለህ" አልኩት።

ኪሱን ስለማውቀው ከርካሹ ጀመርን። እሱ ግድግዳውን ኖራ ቀባ። እኔ አምፖሏን ከመሀል አንስቼ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ ከፊቱ አዞርኳትና ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ቆብ ሠራሁላት። ሲበራ ጋራዧ ሌላ ቤት መሰለች።

"አሁን ገና ሰው ሆንኩ" አለ እየሳቀ።

ወር ሳይሞላ ተመለሰ። "ኖራው ጠቆረ መሰለኝ፤ የመጋዙ አቧራ ነው" አለ። ከአንድ የፈረሰ ፋርማሲ ያመጣኋቸው ሁለት ረጃጅም ፍሎረሰንቶች ነበሩኝ፤ በገዛሁበት ሰጠሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ "ኃይሉ ወርዷል" አለ። ለካሁለት፤ አልወረደም። በመጨረሻ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሁለት ቆርቆሮ አነሳና በምትካቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መታ። ፕላስቲኩን የገዛው ሚስቱ ለጫማ ባስቀመጠችው ገንዘብ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ትቆማለች። "ሥራው ካለ ጫማው ይደርሳል" ብላ ሰጠችው።

ሥራው ግን ባሰበት። አንዱ ደንበኛ አራት እግሩ እኩል የማይቆም ጠረጴዛ መለሰለት። ሰፈሩ ለማመን ተቸገረ። "እጁ አረጀ" አሉ፤ "መጠጥ ጀምሯል" ያሉም አልጠፉም። ቅልጥሙ ከዕቃ ጋር እየተጋጨ በጠባሳ ተሞላ። "ጋራዧ ጠበበችኝ" ይል ነበር። እኔም እንደ ቀልድ፣ "ጋሼ፣ እንግዲህ የቀረህ ፀሐይን መግዛት ነው" አልኩት። ያን ቀልድ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሚስቱ ምሳ ይዛለት ገባች። በግራው በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ "ብላ እንጂ" ልትለው ስትል፣ ረጅም ጣውላ እንደተሸከመ ዞረ። ጫፉ አፏን መታት። ሳህኑ ሲሰበር ሰምቼ ከሱቄ ሮጥኩ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ደም ትተፋለች፤ እሱ ጣውላውን ሳያወርድ ደርቆ ቆሟል።

"ምን ጨለማ ውስጥ ተደብቀሽ ትቆሚያለሽ?" አላት። ድንጋጤ የወለደው ቁጣ ነው።

"የምን ጨለማ?" አለች በመዳፏ አፏን እንደያዘች። "አጠገብህ ነው የቆምኩት። ብርሃኑ እኔን ዓይኔን እየወጋኝ ነው።"

ያኔ ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። የቀትር ፀሐይ በፕላስቲኩ ይገባል፤ ፍሎረሰንቶቹ በርተዋል፤ ኖራው ያንጸባርቃል። እጄን ከግራ ጆሮው ትይዩ አንስቼ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ።

"ጋሼ፣ እጄ ይታይሃል?"

"የቱ ጋ ነው?" አለ።

በማግስቱ ሦስታችንም ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። መንገድ ላይ "ሞራ ነው። አጎቴንም ይዞት ነበር፤ ተገፎለት መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ ነበር" እያለ ራሱን አጽናና። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ መርምራው ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

"አባት፣ ሞራ አይደለም። ዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነርቩን እየጎዳ እይታዎን ከዳር ጀምሮ ሲያጠፋው ቆይቷል። የሄደው አይመለስም። ጠብታ እሰጥዎታለሁ፤ የቀረውን ለማቆየት ነው።"

"የቀረው ምን ያህል ነው?"

"በቀኙ ከግማሽ ያንሳል። በግራው ጥቂት። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ..." ብላ ተወችው።

"እኔ ደግሞ ግድግዳ እቀባ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

ስንመለስ መንገድ ላይ በልቤ ወራቱን ቆጠርኩ፤ መብራት ስናስተካክል ስምንት ወር አልፎናል። ሳምንት ቆይቼ፣ "ጋሼ፣ ያዘገየሁህ እኔ ነኝ" አልኩት።

"አንተ የጠየቅኩህን ነው የሠራህልኝ" አለ። አልተቆጣኝም፤ አይዞህም አላለኝም።

መጋዙን የሌላ ሰፈር አናጢ ገዛው። ሲጫን ጋሽ ሚሊሜትር ቤት ውስጥ ቆየ። ሚስቱ ሁለት የፊት ጥርሷን አጥታለች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ጫማውም አልተገዛም።

ጋራዧን አንዲት ልብስ ሰፊ ተከራየቻት። ልታይ የመጣች ዕለት መሀል ላይ ቆማ፣ "ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ነው የምሰፋው። እንዲህ የሚያበራ ቤት በዚህ ዋጋ አላገኘሁም። ማን ነው የሠራው?" አለች። ጋሽ ሚሊሜትር በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ወደ እሱ አየሁ፤ እሱ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ሄደና የትኛው ማብሪያ የትኛውን መብራት እንደሚያበራ አንድ በአንድ አሳያት።

ኪራዩ ለጠብታው ይውላል። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የምታደርግለት ሚስቱ ናት። የግራ ዓይኑ ባለፈው ዓመት ጨርሶ ጠፋ። በቀኙ እስካሁን ሰውን ከግድግዳ ይለያል።