ባዶ ሰሐን ይዞ መራመድ

ሐኪሙ "ደም ግፊትሽ እንዲወርድ በየጠዋቱ ተራመጂ" ሲለኝ የት እንደምራመድ አልነገረኝም። ያኔ ከሚሴ ውስጥ ዛፍና ጥላ ያለው ግቢ አንድ ብቻ ነበር፤ በሩም የሚከፈተው ለስብሰባና ለሰርግ ነው። ሜዳው የኳስ ተጫዋቾች ነው። ለእኔ የቀረልኝ አስፋልቱ ሆነ። እዚያ ደግሞ አንዲት ትልቅ ሴት ያለ ጉዳይ ስትመላለስ ያየ ሁሉ "ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው?" ይላል። "ለጤናዬ ነው" ማለት አፈርኩ። ስለዚህ ባዶ ሰሐን በጨርቅ ሸፍኜ፣ በሽተኛ ጠያቂ መስዬ መውጣት ጀመርኩ። ጤና ፍለጋ እንደ ሌባ መደበቅ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ አየችኝ። "በሽተኛ ልትጠይቂ ነው? ብቻሽንማ አትሄጂም" ብላ ከቤቷ ትኩስ ዳቦ ይዛ ወጣች። በኛ ዘንድ ጠያቂን ብቻውን መስደድ ነውር ነው። እሺ ብዬ አብረን መንገድ ጀመርን። በየበሩ ስንደርስ እርምጃዋን ትቀንሳለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀጥላለሁ። የመጨረሻውን ቤት አልፈን የማሽላው ማሳ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ለመሆኑ የታመመው ማነው?"

ጨርቁን ከሰሐኑ ላይ ገለጥኩት። "እኔ ነኝ" አልኳት፤ ሐኪሙ ያዘዘኝንም ነገርኳት። ፊቴ እሳት ሆነ። ምነው በሳቀችብኝ ብዬ ተመኘሁ።

አልሳቀችም። "አላህ ያሽርሽ" አለችና ዳቦውን ባዶው ሰሐኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።