የፋሲካው በግ አፈር

አፈር በመሥራት ሮማ ውስጥ የሚስተካከለኝ ሐበሻ የለም። ሐበሻ ያልኩት ለትሕትና ነው። ትምህርት ቤት የረገጥኩት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው፤ ጣልያንኛውን ከአውቶቡስ ማስታወቂያ፣ አትክልተኝነቱን ከገዛ እጄ ተማርኩ። ከሮማኒና ሰፈር ወዲያ ባለ የሴት መነኮሳት ገዳም ጓሮ ዕድሜዬን ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን ልመልስ ብል፣ «አንተ ከሌለህ ቲማቲሙ ያኮርፋል» ብለው አልተቀበሉኝም። ቅጠል፣ ገለባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ስጡኝ፤ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ዝናብ እንደመታው ጫካ የሚሸት አፈር አድርጌ እመልስላችኋለሁ።

ጉራ ከመሰለም ይምሰል። ምን እንዳናደደኝ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለቤቴ የተቀበረችው እዚሁ ሮማ ነው። የሮማ ሐበሾች ማኅበራችን ሬሳ ወደ አገር ቤት ይልካል፤ እሷ ግን «ከልጄ አልርቅም» ብላ ቀረች። እዚህ አገር ደግሞ መቃብር የዘላለም አይደለም። በተራው መሬት የተቀበረ ሰው አሥር ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ይወጣል፤ አጥንቱ በትንሽ ሣጥን ተለቅሞ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ኤሱማጽዮኔ ይሉታል። ጊዜው ደርሶ ከኮሙኔ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ሲጠሩን ከልጄ ጋር ሄድን። ማኅበሩ ለክብሯ ብሎ የገዛው ያ ወፍራም ሣጥን ከነቫርኒሹ፣ ከነውስጥ ላስቲኩ ወጣ። ሠራተኛው ከፈት አድርጎ አየና ወዲያው መለሰው።

«ኖን ኤ ፕሮንታ፣ ሲኞሬ» አለኝ። ገና አልደረሰችም ማለቱ ነው። ቲማቲም ይመስል!

ለጥቂት ዓመታት ደግሞ መልሰው ቀበሯት። ልጄ እስከ መኪናው ድረስ ክንዴን እንደያዘች ሄደች። እኔ ግን ውስጤ ነደደ። የሰው ሁሉ ትርፍራፊ በእጄ አፈር ሲሆን፣ የገዛ ሚስቴ በላስቲክ ተጠቅልላ አፈር መሆን ትከልከል? በእኔስ ላይ አንድ ሠራተኛ ቆሞ «ገና አልደረሰም» ሊል ነው? ያንን ቃል ሞቼም ቢሆን አልሰማም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ ስፈልግ አገኘሁት። አሜሪካ አንዳንድ ቦታ ተፈቅዷል፤ ጀርመንም አንድ አካባቢ እየሞከሩት ነው። ሟቹን ገለባና ፍቅፋቂ በሞላበት ትልቅ ሣጥን ውስጥ ያስተኙታል፤ አየር እየሰጡ፣ ሙቀቱን እየጠበቁ አፈር ያደርጉታል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ላስቲክ የለ። ሳነበው ሳቄ መጣ። ይኼ እኮ የእኔ ሥራ ነው! ጣልያን ውስጥ ግን አልተፈቀደም። ስለዚህ ማኅበሩ ስሞት ወደ አዲስ አበባ በመላክ ፈንታ ወደ ጀርመን እንዲልከኝ ልጠይቅ ወሰንኩ። ማኅበሩ ከተስማማ ልጄም እምቢ አትልም ብዬ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነውና።

በወሬ ብቻ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ለፋሲካ ማኅበሩ ካረደው በግ ጭንቅላቱን፣ እግሩንና የሆድ ዕቃውን ወስጄ በገለባና በፍቅፋቂ ቀበርኩት። ለነቢያት ጾም አፈር ሆኖ ቆየኝ። አጥንቱን ለቅሜ አወጣሁ፤ ቀሪውን ዱቄት እስኪመስል ነፋሁት። ለቁም ነገር የሚቀርብ ነገር በፌስታል አይያዝም ብዬ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቋጥሬ እሑድ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ጨርቁን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩና፣ ልጄ መኪና ማቆሚያ አጥታ ስለነበር ላግዛት ወጣሁ።

ስንመለስ ጠረጴዛው ተከብቧል። የማኅበሩ አንጋፋ የሆኑት እትዬ ግንባራቸው ላይ ጥቁር መስቀል ተቀብተዋል። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ጉልበቱን እያሸ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከየት ገዳም ነው ያመጣኸው እምነት?» አሉኝ እትዬ። «ገና ሳልቀባው ነው ራሴን የለቀቀኝ!»

እምነት መስሏቸዋል! ከገዳም የሚመጣ፣ ለበሽታ የሚቀቡት የተባረከ አፈር። በነጭ ጨርቅ፣ ከዳቦው አጠገብ፣ ያውም በጾም፤ ሌላ ምን ይምሰላቸው?

«እትዬ፣ እሱ እኮ የፋሲካው በግ ነው» አልኩ።

«የምን በግ?»

«አብረን የበላነው። ጭንቅላቱና አንጀቱ።»

የተነሣውን ጩኸት ልናገረው አልችልም። አንዷ ነጠላዋን ምራቅ እያስነካች ግንባሯን ትፈትጋለች። እትዬ ዳቦውን ሊባርኩ ወደመጡት ቄስ ዞሩ። «አባ፣ በጾም በግ ተቀባሁ! ገደፍኩ ማለት ነው?»

ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት። ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው አሸተቱና፣ «አይዞዎት እማማ፣ አፈር ሆኗል፤ አፈር ጾም አያስገድፍም» አሉ።

ይህን ነበር የምጠብቀው። ዘልዬ መሃል ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጀርመኑን፣ ገለባውን፣ የሚስቴን ሣጥን። «ቀብሯ ላይ ሁላችሁም አፈሩን ገለባ ያድርግላት አላችሁ፤ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቀበራችኋት። እኔ የምለምነው ያንኑ ገለባ ነው!»

«ጋሼ፣» አለ ሊቀ መንበሩ ጉልበቱን በሶፍት እየጠረገ፣ «ደንቡ ሬሳ ለአገሩ አፈር ይበቃል ይላል። ደንቡን ያረቀቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

እውነት ነው፤ አንድ ቃል የማይነቀነቅበት ደንብ ነው ያረቀቅሁት። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳ አይጠፋለትም ነበር።

«ቄሱ ራሳቸው አፈር ሆኗል ብለዋል!»

«ብያለሁ» አሉ አባ። «ግን ጋሼ፣ በግ ፍትሐት የለውም፤ ትንሣኤም አይጠብቅም። እርስዎን ቲማቲም ሥር በትነን አርባዎን የት ቆመን እናውጣ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሙታን ከባሕር ሆድ ከተነሡ ከቲማቲም ሥር መነሣት ያቅታቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ዳቦው ተቆርሶ ስለነበር ሁሉም ወደዚያ ዞረ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው ልጄ ነበረች። አናኚና መንገድ የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም፣ «አባዬ፣ ጀርመን አልልክህም» አለች።

«አንቺም?»

«አገር ቤትም አልልክህም። አንድ ቀን ጀርመን፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ አንድ ቀን እማዬ ጋ፤ እኔ ምንድን ነኝ፣ አየር መንገድ?» የእጅ ፍሬኑን ሳበች። «ያንን ሣጥን ሲከፍቱ አንተ ብቻ አይደለህም የነበርከው። እኔም ነበርኩ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብን። አልተንቀሳቀሰችም።

«አሎራ፣ እንግዲህ ስማኝ። እዚሁ፣ እማዬ ያለችበት መቃብር ቦታ። ተራ ጣውላ፣ ቫርኒሽ የሌለው። ላስቲክ የሚባል አይገባም፤ እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ውስጡን ያንተን ገለባና ፍቅፋቂ እሞላዋለሁ። አባ ፍትሐታቸውን ያድርጉ፤ ማኅበሩ ከፈለገ ያኩርፍ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ግማሽ ሥራ ነው። አየሩን ማን ይሰጠዋል? ሙቀቱን ማን ይለካዋል? ሮማ መሬቷ ጭቃ ናት፤ ውኃ ትይዛለች። ይህን ሁሉ እስከ ቤት ድረስ ነገርኳት። በበነጋው ሳይቀር ተበሳጭቼ ነው የዋልኩት። እትዬ ደግሞ ደውለው፣ ሐሳቤን እንደማይደግፉ ከነገሩኝ በኋላ ለበሶብላቸው ከበጉ አፈር ትንሽ እንድልክላቸው አዘዙኝ።

ላክሁላቸው። ከዚያ ገዳሙ ጓሮ ወርጄ ገለባ መምረጥ ጀመርኩ። የዘንድሮውን ሳይሆን ደረቁን፣ ፍቅፋቂውንም ከጥድ ሳይሆን ከፍራፍሬ ዛፍ ለየሁ፤ በጆንያ ሞልቼ ዝናብ በማይነካው ዳስ ሰቀልኩት። ልጄ ጎበዝ ናት፤ ገለባ ግን አታውቅም። ጆንያውን የት እንደሰቀልኩት አሳየኋት፤ እርጥበት እንዳይገባውም አስጠነቀቅኳት። መሠራቱ ካልቀረ እኔ እንደምሠራው ይሠራ። የሣጥኔን ክዳን የሚከፍተው ሠራተኛ የሚያየው አፈር ነው።