ላም አባራሪውና አውሮፕላኗ

ሰው ሲያረጅ ይጃጃላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የኪዳኑን ያህል የተጃጃለ ግን አላየሁም። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የልጅ ልጅ የማሳደግ ዕድሜው ላይ ሆኖ፣ ባለፈው መስከረም የፕላስቲክ አውሮፕላን መገጣጠም ጀመረ። ያውም የእኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው!

ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኪዳኑ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሱን ከጠየቃችሁት «አቪዬሽን ነበርኩ» ይላችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ላም አባራሪ ነበር። ያኔ ሜዳው በቅጡ አልታጠረም፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የገበሬውን ከብት ከማኮብኮቢያው ላይ የሚያባርር ሰው ያስፈልግ ነበርና ዱላና ፊሽካ ሰጥተው ቀጠሩት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሥር ቆሞ አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። ይህን ሁሉ ይዞ ደረቱን ሲነፋ ግን ታዩት ነበር። ሰዉም «ካፒቴን» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱ ደግሞ ሲጠሩት አቤት ይላል።

እኔ ዘካሪያ እባላለሁ፤ በርበሬ ወንዝ ሠፈር ታፔላ ጻፊ ነኝ። ከሐርቡ እስከ ደሴ መንገድ ዳር ከምታዩት ታፔላ ግማሹ የኔ እጅ ነው። እኔ የጻፍኩትን ዝናብም ፀሐይም አያስለቅቀውም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ልላችሁ ነበር፤ ለመኩራራት ነው። ኪዳኑ ጎረቤቴ ስለሆነ ፊት ለፊት «ጋሽ ኪዳኑ፣ እርስዎ» እለዋለሁ። ዘወር ሲል «እሱ» ነው።

አንድ ታሪክ አለችው፤ በሕይወቱ ሌላ የለውም። አንድ ቀን አውሮፕላን ልታርፍ ስትል ኪዳኑ ጋቢውን እያውለበለበ ማኮብኮቢያው መሃል ሮጦ ገባ። አውሮፕላኗ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች፣ ዞረች፣ ከዚያ መጥታ በሰላም አረፈች። አለቆቹ «ከብት አስገብተሃል፣ አንተም ሮጠህ ገብተሃል» ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉለት። እሱ ግን «በጊሸን ማርያም፣ ያን ቀን ላም የሚባል አልነበረም! እኔ የሮጥኩት ለሌላ ነው» ይላል። «ለምን ነው?» የሚለው የለም። ሰዉ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ይስቅበታል፤ እኔ ደግሞ እዚያች ላይ ሲደርስ ሬድዮኔን ከፍ አደርጋለሁ። የሽማግሌ ወሬ ማለቂያ የለውማ!

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጅ አለችው፣ ሳምሪ። ተማሪ ሳለች «የላም አባራሪው ልጅ» እየተባለች አለቀሰች፤ አድጋ ደሴ አስተማሪ ሆነች፤ ለበዓል ካልሆነ ወደ ኮምቦልቻ አትወርድም። አንድ ጊዜ ያቺን ታሪክ ሊነግራት ሲጀምር «አባዬ፣ በቃ» አለችው። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። «ኮምቦልቻ በሙሉ ይሳቅብኝ ግዴለም፤ እሷ ብቻ ትመነኝ» አለኝ። እኔ በልቤ፣ ማን ያምንሃል አልኩ።

አውሮፕላኗ የመጣችው ከከሪማ ነው። ከሪማ የሰልባጅ ዕቃ ትሸጣለች፤ ከአንድ ጭነት ውስጥ የተቀደደ ካርቶን አግኝታ ምን እንደሆነ ስላላወቀችው አውጥታ አሰጣችው። ክዳኑ ላይ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ተሥሏል፤ ውስጡ የመገጣጠሚያው ወረቀት እንኳ የለም። ኪዳኑ ሥዕሉን ሲያይ «ይቺ ናት! ይቺው ናት!» ብሎ ገበያ መሃል ጮኸ አሉ። ከሪማ ደንግጣ በነፃ ሰጠችው።

ቤቱ ጨለማ ነው ብሎ በረንዳዬ ላይ ሠፈረ። ክፍሎቹ ፍሬም ላይ እንደተያያዙ ነው የሚመጡት፤ እነሱን በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ሰዓት ሙሉ እያፈጠጠ ይውላል። ክንፉን አንዴ ገልብጦ አጣበቀው። አንድ ቀን ደግሞ ጠብታ ቀለም ነካችው ብሎ፣ ሳይጠይቀኝ ቲነሬን አንስቶ ጅራቱን ጠረገበት። ፕላስቲክ በቲነር! ጅራቱ እንደ ማስቲካ ሟሟ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄኔ ነው። ሁለት ቀን ሲሞርደው፣ ሲያቃናው ከረመ።

ቀለም አቀባቡንማ አታንሱት። ሰው የሚያየውን ጀርባዋን ባንድ ቀን ለቅልቆ ጨረሰ። የሚገርመው ሆዷ ነው፤ ሆዷን ሲቀባ ሳምንት ፈጀ። ቀጭኗን ብሩሼን ተውሶ፣ ከሞተሮቹ ኋላ የጥላሸት መሥመር ሣለ፣ ዘይት የተንጠባጠበ አስመስሎ ነጠብጣብ አደረገ። «ጋሽ ኪዳኑ፣ አዲስ ዕቃ ያቆሽሻሉ እንዴ? ደግሞ ሥሯን ማን ያይልዎታል?» ስለው «እኔ» ብሎ መለሰልኝ። ስቄ ስቄ ልሞት!

መጨረሻ ላይ በእንጨት መቆሚያ ላይ ሽቦ አቁሞ ሰካት። ከኋላ ሁለቱ እግሮቿ ወርደዋል። የፊት ጎማ ግን የላትም፤ ከአፍንጫዋ ሥር ባዶ ቀዳዳ ነው። ጥሎታል ማለት ነው አልኩ። አልጠየቅሁትም፤ ከጠየቅሁት ታሪኩን ሊጀምርብኝ ነው።

ኅዳር ላይ ሳምሪ ደወለች። ትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን አለ፤ ወላጆች ስለ ሥራቸው ለተማሪዎች ይናገራሉ፤ ሊናገር የነበረው ግንበኛ ስለቀረባት «አንተም ና» አለችው። የጳጳስ ጥሪ የደረሰው መሰለ። «ዘካሪያ፣ አውሮፕላኗን ይዤ እነግራታለሁ። ልጆቹ ፊት ስለሆነ ‹በቃ› አትለኝም» አለኝ። ዋዜማውን ጅራቷን ድጋሚ ቀባትና «እስከ ጠዋት ትድረቅ፤ እንዳትነካት» ብሎ ሱቄ አስቀመጣት። «አብሽሩ» አልኩት።

እሱ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየኋት። ያቺ የተንሻፈፈች ነገር ከዘካሪያ ሱቅ ወጥታ ደሴ ልትገባ ነው! ደግሞ እግሯ የጎደለ! የአስር ሶላት ሰግጄ ተመለስኩና ሁለት ትንንሽ የሸሚዝ ቁልፎች ፈልጌ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ፣ ጥቁር ቀብቼ፣ ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል የፊት ጎማ ሠራሁላት። በሱፐር ግሉ አጣበቅሁላት። ጠዋት እኔው በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳት። ሲያየው ደስ ይበለው፣ ምስጋናም ላግኝ ብዬ አብሬው በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። አንዲት ነርስ ተናገረች፣ ቀጥሎ ኪዳኑ ተነሳ። የድሮ የሥራ ካፖርቱን ለብሷል። ይንተባተባል ብዬ ነበር፤ አልተንተባተበም።

«ሰው አውሮፕላንን ከጎን ነው የሚያየው» አለ፤ «እኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ከሥር ነው ያየሁት። ሆዷን እናንተ ደብተራችሁን ከምታውቁት በላይ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሜዳው ላይ አንድ ላም አልነበረም። አውሮፕላኗ መጣች፣ ዝቅ አለች። የኋላ እግሮቿ ወርደዋል። የፊቱ ግን አልወረደም። ከአፍንጫዋ ሥር ባዶ ቀዳዳ ነው። እንዳለች ብታርፍ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ለመናገር ጊዜ የለም፤ ጋቢዬን አውልቄ ሮጥኩ።»

ሰሌዳው ጥግ የቆመችው ሳምሪ አንገቷን አቀናች፤ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየው ጀመር። እኔም ያቺን ታሪክ እስከ መጨረሻዋ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የሠራሁት ጎማ ያኔ ትዝ አለኝ።

«ማንም አላመነኝም። እናንተ ግን እዩ» አለና ጨርቁን ፈትቶ፣ ከሥር እንድትታይ አውሮፕላኗን ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት።

ፊት የተቀመጠች ልጅ «ኧረ አለ! ጎማው አለ!» አለች።

«ወርዷል! ወርዷል!» ሃምሳውም በሳቅ ፈነዱ።

ኪዳኑ አውሮፕላኗን ዝቅ አድርጎ አየ። ጎማዬን ባውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«በቃ፣ ልጆች፣ ዝም በሉ» አለች ሳምሪ ፊቷ ቀልቶ። «አባዬ፣ በቃ። እናመሰግናለን።»

ተነስቼ «እኔ ነኝ የለጠፍኩት» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሃምሳ ሕፃናት እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ተቀመጥኩ። ሰውየውን ላም አባራሪ እያልኩ ስንቅ የኖርኩ ሰው፣ እሱ አውሮፕላን ፊት ሲሮጥ፣ እኔ ሕፃናት ፊት መቆም አቃተኝ። አላዋቂው ሳሚ እኔ ነበርኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐረጎን ስንወርድ ጋሽ ኪዳኑ ከካፖርታቸው ኪስ የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው ፈቱ። ውስጡ የፊት ጎማዋ አለች፤ እውነተኛዋ፣ ከካርቶኑ የወጣችው፣ ተሞርዳ ተቀብታ።

«ጠፍታብኝ አልነበረም» አሉ። «አውሮፕላኗ ዞራ ስትመለስ እግሯን አውርዳ ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ ሳምሪ እያየችኝ ልሰካላት ነበር።»

ካርቶኑን ከጉልበታቸው ተቀብዬ የለጠፍኩትን ጎማ በጥፍሬ ልነቅለው ታገልኩ። አልነቀል አለኝ። የኔ ሥራ አይለቅም።

«ነገውኑ ተመልሼ ለሳምሪ እነግራታለሁ፣ ወላሂ! እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ አባትሽ እውነታቸውን ነው እላታለሁ።»

«ተወው፣ ዘካሪያ» አሉኝ። «አንተ ነግረሃት ብታምን፣ ያመነችው አንተን ነው። እኔን አይደለም።»

ከዚያ ጎማዋን መልሰው መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቷት።